የደምሌን ፊት ያየን ቀን

እኔ ቶሎ የሚያስጠላኝ ሰው ነኝ። ይህን መጀመሪያ ልንገራችሁና ወደ ነገሬ ልግባ። ጠላ ውስጥ ዝንብ ሲገባ ሌላው በጣቱ አውጥቶ ይጠጣል፤ እኔ ግቢውን ለቅቄ እወጣለሁ። እናቴ በሕይወት ሳለች «ይችን ልጅ የትኛው ባላባት ነው የወለዳት?» እያለች ትስቅብኝ ነበር። የወለዱኝስ ባላባት አይደሉም፤ አዝማሪ ናቸው።

አባቴ አያ ዋሴ ይባላሉ። ከአርብ ገበያ ወጣ ብላ ባለች መንደር ይኖራሉ። የአዝማሪን ሥራ ታውቃላችሁ። ጠጪው ብድግ ብሎ «ተቀበል!» ይላል፣ ግጥሙን ይወረውራል፣ አዝማሪው ሙገሳም ይሁን ስድብ ሳይመርጥ ተቀብሎ በመሰንቆው ያዜማል። አባቴ የተሰጣቸውን ግጥም «አልቀበልም» ብለው አያውቁም፤ ኩራታቸው ይኸው ነው። እኔን የሚያስጠላኝ ደግሞ ይኸው ነበር። ልጅ ሆኜ አንድ ጠጅ ያናወዘው ሰውዬ ብሩን ምራቁን እያስነካ ግንባራቸው ላይ ሲለጥፍ፣ እሳቸውም ፈገግ ብለው ሲያመሰግኑት አየሁና እዚያው አስመለሰኝ። ከዚያ ወዲያ ዘፈን የሚባል ነገር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ዜማውን ሁሉ አውቀዋለሁ፤ ለምን አላውቅ፣ እሱን እየሰማሁ ነው እንቅልፍ ሲወስደኝ ያደግሁት። ግን ለሰው አላወጣሁትም። ተማርሁ፣ አሁን ንፋስ መውጫ ከተማ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ።

አባቴ ሞቅ ሲላቸው የሚያወሩት አንድ ታሪክ አለ። ቅድመ አያታቸው ደምሌም አዝማሪ ነበር። የንጉሡ ጦር መድፍ እየጎተተ በጋይንት አልፎ ወደ መቅደላ ሲሄድ፣ ደምሌ መሰንቆውን ይዞ አብሮ ሄደ፤ አልተመለሰም። ከዚያ የተመለሱ ሰዎች ግን «እንግሊዞቹ ከገቡ በኋላ አንድ ፈረንጅ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ደምሌ መሰንቆ ሲመታ በወረቀት ሲስለው አይተናል» አሉ። ወሬው ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ትንሽ ትንሽ እየጨመረ መጣ። አባቴ ዘንድ ሲደርስ «የደምሌ ምስል በእንግሊዝ አገር የዘፈን መጽሐፍ ላይ ታትሟል» ሆነ።

አባቴን የሚያንገበግባቸው ግን ሥዕሉ አልነበረም። የደምሌ እርም አልወጣም። በእኛ ዘንድ ሰው ሩቅ ሞቶ ሬሳው ካልመጣ፣ ልብሱ ወይም ምስሉ አልጋ ላይ ይቀመጥና ዘመድ ተሰብስቦ ያለቅስለታል፣ እርሙም ይወጣል። የደምሌ ልብሱም መሰንቆውም አልመጣም። ቤተሰቡ «ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል» እያለ ቆየ፤ በኋላ የሚጠብቁትም አለቁ። አባቴ ልጅ ሳሉ አባታቸው ሲሞቱ «የደምሌን ነገር አደራ» ብለዋቸዋል። ይህ አደራ ነው ዕድሜ ልካቸውን ሆዳቸው ውስጥ የተቀመጠው። «እኔ ሳልሞት ያንን እርም ባወጣ» ባሉ ቁጥር ያሳዝኑኝ ነበር፤ ግን ምን ተይዞ ይለቀሳል?

ተይዞ የሚለቀስበትን ነገር አመጣሁ ብሎ የመጣው ናትናኤል የሚባል ሰው ነው። አባቴ ንፋስ መውጫ አንድ ሠርግ ላይ ይህን ታሪክ ሲያወሩ አንዱ በስልኩ ቀርጿቸው ኖሮ፣ ቪዲዮው ዞሮ ዞሮ አዲስ አበባ ደረሰ። ናትናኤል እዚያ ለዩቲዩብ ፕሮግራም ያዘጋጃል። ደወለልኝና «የአባትሽን ቅድመ አያት ምስል አግኝቼዋለሁ» አለኝ። ለንደን ያለ ወዳጁ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ገዝቶ ልኮለታል። ያን ጊዜ ዘፈን የሚቀረጽበት ነገር ስላልነበረ እንግሊዞች ዘፈኑን በኖታ ጽፈው፣ በወረቀት አትመው ይሸጡት ነበር አሉ። ገዥው ቤቱ ወስዶ በፒያኖ ይጫወተዋል። ሽፋኑ ላይ ደግሞ በቀለም ያሸበረቀ ሥዕል አለበት፤ ገዥ የሚጠራው ሥዕሉ ነው። ይህን ሁሉ ያስረዳኝ እሱ ራሱ ነው፤ ምላሱ ጤፍ ይቆላል። እስቲ በስልክ ላክልኝና ልየው ብዬ ብለምነው፣ ካሜራ ፊት ካልተገለጠ ስሜቱ ይበላሻል ብሎ እምቢ አለኝ። ያን ጊዜ ነው መጠርጠር የጀመርሁት።

አባቴን ላዘገያቸው ሞከርሁ። አባባ፣ መጀመሪያ ምን እንደሆነ ልየው፣ ከዚያ በኋላ ይደርሳል አልኋቸው። ማን ሊሰማኝ። እሳቸው ዘመድ ጠርተዋል፤ ወደ እስቴም ወደ ስማዳም መልእክት ልከዋል፤ ዳስ አስጥለዋል፤ ንፍሮው ተቀቅሏል። ምንጊዜም ለሰው ደስታ ሲዘፍኑ የኖሩ ሰው ለራሳቸው አንድ ቀን የሚሆን ለቅሶ አገኙ። «አንቺ ብቻ የፈረንጁን ጽሑፍ ታነቢልኛለሽ። ለዚህ ነው እግዜር ያስተማረሽ» አሉኝ። ምን ልበላቸው?

ዓርብ ዕለት ገበያው ውሎ ቅዳሜ ማለዳ ናትናኤል ከአንድ ካሜራ ያዥ ጋር በኪራይ መኪና ደረሰ። ወረቀቱ በጥቁር የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ተጠቅልሏል። አባቴ ቱቦውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፣ ሳሙት፣ ሳይከፍቱ በአዲስ ነጭ ጋቢ ጠቀለሉትና ዳሱ መካከል ባለው አልጋ ላይ አስተኙት። አክስቴ ጥሩ፣ የአባቴ እህት፣ ሙሾ አውራጅ ናት። ጀመረች። አባቴ መሰንቆውን አነሡ። እናንተዬ፣ ማንም በዓይኑ አይቶት ለማያውቅ ሰው እንዲያ ሲለቀስ አይቼ አላውቅም። ሽማግሌዎች ደረታቸውን መቱ። ከስማዳ ድረስ በእግራቸው የመጡ ዘመዶች «ደምሌ፣ ገባህ ወይ» እያሉ አልጋውን ዞሩት። እኔም አለቀስሁ። አልዋሻችሁም፣ ያን ጊዜ ጥርጣሬዬንም ረሳሁት።

የካሜራውን ሰው ግን ተመልከቱልኝ። ዕንባ ባየበት ሁሉ ይሮጣል። የካሜራውን መስተዋት የአክስቴ ጉንጭ ላይ ሊያስነካው ምንም አልቀረው። ያም ሳይበቃ ናትናኤል ጠጋ ብሎ፣ እማማ፣ ብርሃኑ ጥሩ አልነበረምና ያችን የመጨረሻዋን ለቅሶ አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ አላት። አክስቴ ምን እንደተባለች አልገባትም። ለቅሶ ይደገማል እንዴ? እኔ ግን ገባኝ፤ ዝንብ የዋጥሁ ያህል አቅለሸለሸኝ። አባቴን አየሁና ተውሁት፤ ፊታቸው እንደዚያ ሲበራ አይቼ አላውቅም ነበር።

አሁን ይገለጥ ከመባሉ በፊት ናትናኤል ከዳሱ ጀርባ ጠራኝ። ትንሽ ተቅለሰለሰ። ሥዕሉ የዘመኑ አሣሣል ስለሆነ ሊገርምሽ ይችላል አለ፤ ከዚያ ስልኩን ከፍቶ አሳየኝ።

ምን ብዬ ልንገራችሁ። ከሰል የመሰለ ፊት። ከንፈሩ ቀይ ተቀብቶ የፊቱን ግማሽ ይዟል። ዓይኑ ፈጦ ሊወድቅ ደርሷል። ገላው ላይ የአውሬ ቆዳ፣ ራሱ ላይ የፈረንጅ ረጅም ባርኔጣ፣ ጸጉሩ ውስጥ የዶሮ አጥንት ተሰክቷል። በአንድ እጁ ደም የሚንጠባጠብበት የከብት ጭን ይዞ ይግጣል፤ በሌላው እጁ ጊታር የሚመስል ነገር አንጠልጥሏል። እግሩ ሥር አንድ ዝንጀሮ ልክ እንደ እሱ አፉን ከፍቶ ይዘፍናል። ከላይ በትልልቅ ፊደል «የአቢሲኒያው ጅል አዝማሪ» ይላል። ከታች ደግሞ በደቃቃ ፊደል «አስቂኝ ዘፈን» ይልና የአንድ ፈረንጅ ስም ይጠራል፤ ቀጥሎ «ፊቱን በከሰል አጥቁሮ በየምሽቱ በመድረክ የሚያቀርበው» ይላል።

ደግሜ አነበብሁት። ሥዕሉ የደምሌ አልነበረም። የሐበሻም አልነበረም። ለንደን ውስጥ ለሳቅ ፊቱን ጥላሸት የተቀባ ነጭ ሰው ነው፤ ጥላሸቱ ክንዱ ላይ በሚያበቃበት ቦታ ነጭ ገላው እንኳ ይታያል። ሕዝቡ ገብቶ ሲስቅ አምሽቶ፣ ሲወጣ ወረቀቱን ገዝቶ ቤቱ ይወስዳል፤ ልጆቹን ሰብስቦ በእኛ እየሳቀ ፒያኖ ይመታል። ዳሱ ውስጥ ደግሞ የደምሌ ልጆች ለዚህ ሰው ደረታቸውን ሲደቁ አረፈዱ።

«ታውቅ ነበር?» አልሁት።

ትከሻውን ነቀነቀ። «መምህርት፣ እስቲ ረጋ በይ። በጎ በጎውን አንብቢላቸው። አዝማሪ ደምሌ ዘጋይንት ይላል በይ፣ ያልቃል። አባትሽ ደስ ይበላቸው፣ እኛም ሥራችንን እንጨርስ። እዚህ እንግሊዝኛ ከአንቺ ሌላ ማን ያውቃል?»

ልመልስለት አፌን ስከፍት ዳሱ ውስጥ ያለው ለቅሶ ቀጥ አለ። አባቴ መጠበቅ አቅቷቸው ጋቢውን ገልጠው ቱቦውን ከፍተውታል። ሮጬ ገባሁ። ወረቀቱ ተዘርግቷል፤ ማዕዘኑን እንዳይጠቀለል አክስቴ በእጇ ተጭና ይዛዋለች። አንድ ሰው ከኋላ ፍርፍር ብሎ ሳቀ፤ ወዲያው አፉን ያዘ። አባቴ ጎንበስ ብለው ሥዕሉን እያዩት ነው። ካሜራው ደግሞ እሳቸውን እያየ ነው።

«ደምሌ ይኼ ነው?» አሉ። ቀና ብለው እኔን ፈለጉ። «እናኑ፣ ነይ አንብቢ።»

ወገኖቼ፣ ውሸቱ ተዘጋጅቶ ምላሴ ላይ ነበር። አንዲት ቃል ናት። ፈረንጅ ሰው መሣል አያውቅም፣ አበላሽቶት ነው እንጅ ደምሌ ነው ብላቸው ያምኑኛል፤ እርማቸው ይወጣል፤ ደስ ብሏቸው ይሞታሉ። ናትናኤል ከካሜራው ጎን ቆሞ ራሱን እየነቀነቀ «በይ፣ በይ» ይለኛል። ያ ራስ መነቅነቁ ነው የገለበጠኝ። ያ በምራቅ ብር የሚለጥፈው ሰውዬ እንኳ አባቴ እያወቁ ነው የለጠፈው። ይኼ ግን በራሳቸው ለቅሶ፣ በራሳቸው ዳስ፣ በራሳቸው ልጅ አፍ ሊለጥፍባቸው ነው። እንኳን አባቴን፣ ጠላቴንም እንዲያ አላደርገውም።

አነበብሁ። ቃል በቃል፣ ከላይ እስከ ታች፣ በአማርኛ። «ጅል» የሚለውንም አልዘለልሁ። ውስጥ ያለውን ግጥም ብቻ ተውሁት፤ ለእናንተም አልነግራችሁም፣ አፌን ያቆሽሸዋል። ከዚያም ይህ ሰው ነጭ ነው፣ ፊቱን ጥላሸት ተቀብቶ ነው፣ ደምሌን አይቶትም ሰምቶትም አያውቅም አልኋቸው።

አክስቴ እጇን ከወረቀቱ ላይ ቶሎ አነሣችና በቀሚሷ ጠረገችው። «ታዲያ ማንን ነው ያለቀስነው?» አለች።

አባቴ ወረቀቱን ይቀድዱታል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እኔ ብሆን እሳት ውስጥ ነበር የምከተው። እሳቸው ግን ቀስ ብለው ጠቀለሉት፣ ቱቦው ውስጥ መለሱት፣ ለናትናኤል ሰጡትና፣ የሰው ገንዘብ ነው፣ ለባለቤቱ መልስ አሉት። ሌላ ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ከዚያ ጋቢውን አራገፉ። ለብሰውት ደምሌ ሊተኛበት በነበረው አልጋ ላይ ወጥተው ተቀመጡ።

«በሉ፣ እኔን እያያችሁ አልቅሱ» አሉ።

ሕዝቡ ደነገጠ። በአገራችን በቁም ሰው ላይ ማልቀስ ሟርት ነው፤ ዓመቱን አይጨርስም ይባላል። ጎረቤታችን መሪጌታ ፍሬው፣ እዚሁ ጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ የተማሩት፣ ተነሥተው ወደ አልጋው ቀረቡ። አያ ዋሴ፣ ይህን ነገር ይተውት፣ በሕይወት ላለ ሰው አይለቀስም አሏቸው።

አባቴም «ሟርቱ ለእኔ ይሁን፣ መሪጌታ። እርሙ ለደምሌ ነው» አሏቸው። መሪጌታም ነጠላቸውን አደግድገው ከአልጋው ራስጌ ቆሙ።

አክስቴ ልትጀምር ሞከረች፣ ድምፅዋ እምቢ አላት። አባቴ ዙሪያውን አዩና ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ።

«እናኑ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሲሰጠኝ ስቀበል ኖርሁ። ዛሬ እኔ ልስጥ» አሉ። «ተቀበይ።»

ጥላሸት ተቀብቶ ቢዘፍን ፈረንጅ፣
የደምሌማ ፊቱ እኔ ላይ ነው እንጅ።

አባቴ ግጥም ሲሰጡ የመጀመሪያቸው ነው፤ እኔም ስቀበል የመጀመሪያዬ ነው። ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ዜማው ሳልጠራው መጣ። ድምፄ ሻካራ ነው፤ መካከሉ ላይ ተሰበረ፤ መሰንቆም አልነበረበትም። ሁለተኛውን ስንኝ ስደግም ዳሱ በሙሉ ተነሣ። ያ ሁሉ ሰው አልጋው ላይ የተቀመጡትን አንድ ሽማግሌ፣ አፍንጫቸውን፣ ግንባራቸውን፣ የተጨማደደ አንገታቸውን እያየ «ደምሌ» እያለ አለቀሰ። አባቴ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ተለቀሰላቸው። እርሙ ወጣ። ንፍሮው ተበላ።

እዚህ ላይ ብጨርስላችሁ ደስ ባለኝ። ግን የናትናኤልን ነገር ስሙልኝ።

ብዙ ሳይቆይ ቪዲዮው ወጣ። ተማሪዎቼ ናቸው ያሳዩኝ፣ ያውም ሊያስደስቱኝ ብለው። ሳይከፈት ከላይ የሚታየው ሥዕል በአንድ በኩል ያ ከሰል የተቀባ ፊት ነው፤ በሌላው በኩል ያለቀሰው የአባቴ ፊት ነው። ሁለቱንም በአንድ ልክ አድርጎ ጎን ለጎን ለጥፏቸዋል። ጽሑፉ «ከመቅደላ ወደ ቤቱ የተመለሰው አዝማሪ» ይላል። ውስጡ ጋቢው ላይ የተለቀሰው ለቅሶ አለ፣ የአክስቴ ዕንባ አለ፣ አባቴ ጎንበስ ብለው ሲያዩ አለ። እዚያ ላይ ቆርጦታል። እኔ ያነበብሁት የለም፤ የአባቴም ግጥም የለም። ደወልሁለት። መጀመሪያ አላነሣም፣ ኋላ ሲያነሣ፣ ምን ይደረግ፣ ሕዝቡ ወዶታል አለኝ። ስልኩን ዘግቼ እጄን ታጠብሁ። እጄን ለምን እንደታጠብሁ አትጠይቁኝ።

ያ የለንደን አሳታሚና ይኼ የእኛው ልጅ በምን ይለያያሉ? ያም ፊት ለጥፎ ዘፈን ሸጠ፣ ይኼም ፊት ለጥፎ ለቅሶ ሸጠ። ያኛውስ አያውቀንም እንበል። ይኼ ግን ንፍሮአችንን በልቷል። እናንተም ታዲያ ስልካችሁን ከፍታችሁ የሚያለቅስ ሽማግሌ ሽፋን ላይ ስታዩ፣ ከመንካታችሁ በፊት ማን ለጠፈው ብላችሁ ጠይቁ። ብትነኩትም አልቆጣችሁም፤ ይቀፈኛል እንጅ።

አባቴ ዛሬም አሉ። ዓመቱን አይጨርሱም የተባሉት ሰውዬ ዓመቱን ጨርሰው፣ ሌላም ጨምረው፣ ገብስ ታጭዶ እስኪገባ ሲያዜሙ ከረሙ። እኔ ቅዳሜና እሑድ እሄድና መሰንቆ ያስተምሩኛል። ሴት መሰንቆ ይዛ ማየት ለብዙው ሰው እንግዳ ነው፤ ንፋስ መውጫም ወሬ አያጣትም፣ «መምህርቷ አዝማሪ ሆነች» ተብሏል። ይበሉ። ሠርግ ላይ አልገባም፤ ግንባሬን ለማንም አላውስም። ለቅሶ ቤት ከጠሩኝ ግን እሄዳለሁ።

ያ ቪዲዮ መውጣቱን ለአባቴ አልደበቅኋቸውም፤ አንድ ጊዜ እውነቱን አንብቤላቸው ሁለተኛውን እንዴት እዋሻለሁ? አሳየኋቸው። የራሳቸውን ፊት ከዚያ ሰው አጠገብ አዩት። ስልኩን መለሱልኝና «ይቺን እርም ደግሞ ማን ሊያወጣልን ነው?» አሉኝ።

ባለፈው አንድ ለቅሶ ቤት ላዜም ስል አንዱ ስልኩን አውጥቶ ፊቴ ላይ ደገነው። የመሰንቆዬን ደጋን ጭኔ ላይ አስቀመጥሁ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ስልኩ ኪሱ እስኪገባ ድረስ ያ ለቅሶ ጠበቀ።